ፍሪቢኤምዲ ሲፈተሽ፦ «ፓንክረስት» የሚለው ስም ከየት መጣ፣ የትስ በዛ?

የተገመገመው፦ ፍሪቢኤምዲ፣ የእንግሊዝና የዌልስ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ማውጫ
ዋጋ፦ ነፃ፤ አካውንት መክፈት አያስፈልግም
የተፈተሸበት ስም፦ ፓንክረስት
ፍርድ፦ ከአምስት ኮከብ አራት

አዲስ አበባ ውስጥ ፓንክረስት የሚለውን ስም የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ለኢትዮጵያ ነፃነት የተሟገተችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች፤ የልጇ የሪቻርድ ስም የኢትዮጵያን ታሪክ ያጠና ሰው ሁሉ አፍ ላይ አለ። በእንግሊዝ አገር ግን ስሙ እንደ ስሚዝ ወይም እንደ ጆንስ በየበሩ የሚገኝ አይደለም። ከለንደን በስተ ደቡብ፣ በሰሴክስና በኬንት አውራጃዎች በርከት ይላል፤ ከዚያ ሲወጣ ይሳሳል። ለአንድ የስም ፍለጋ አገልግሎት ጥሩ ፈተና የሚሆነውም እንዲህ ያለው ነው። ብዛቱ በእጅ ለመቁጠር አያስቸግርም፣ አጻጻፉ ለስሕተት የተጋለጠ ነው፣ የቤተሰቡ ቀናትም በይፋ ስለሚታወቁ ማውጫው የሚሰጠውን መልስ ማመሳከር ይቻላል። (እዚህ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ምን እንደሆነ። በእንግሊዝና በዌልስ መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን መመዝገብ የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። የየወረዳው መዝጋቢ በየሦስት ወሩ የመዝገቡን ግልባጭ ወደ ማዕከሉ ጠቅላላ መዝገብ ቤት ይልካል፤ መዝገብ ቤቱም በፊደል ተራ ማውጫ ያዘጋጃል። ፍሪቢኤምዲ ከ1998 ጀምሮ ይህንን ማውጫ በጎ ፈቃደኞች እያነበቡ ወደ ኮምፒዩተር የገለበጡበት ሥራ ነው። እንግዲህ የሚታየው መዝገቡ ራሱ አይደለም፤ የግልባጭ ማውጫ ግልባጭ ነው። ከወረዳው መዝጋቢ ብዕር እስከ በጎ ፈቃደኛው ጣት ድረስ ስሙ ቢያንስ አራት ጊዜ ተጽፏል። ከዚህ በታች የሚነሳው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል ምንጩ ይኸው ነው።

አፈላለጉ ቀላል ነው። «ልደት» ላይ ምልክት ይደረጋል፣ በቤተሰብ ስም ሣጥን ፓንክረስት ይጻፋል፣ መነሻና መድረሻ ዓመት ይሞላል። የመጠሪያ ስሙ ሣጥን ባዶ ይቀመጥ። የተለመደ ስም የሚፈልግ ሰው እንዲህ ቢያደርግ በውጤት ይጥለቀለቃል፤ ለብርቅዬ ስም ግን ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ምክንያቱም ሰዎች የሚታወቁበት ስምና የተመዘገቡበት ስም ብዙ ጊዜ ይለያያል። ሲልቪያ ራሷ ሙሉ ስሟ ኤስቴል ሲልቪያ ነው፤ «ሲልቪያ» ብሎ በመጀመሪያ ስም የሚፈልግ ሰው አጠገቧ ደርሶ ያልፋታል። ከ1911 ወዲህ ደግሞ ማውጫው ለረጅም ዘመን ከመጀመሪያው ስም ቀጥሎ ያሉትን በመነሻ ፊደል ብቻ ስለሚያስቀምጥ፣ ሪቻርድ ኪር ፔቲክ ፓንክረስትን «ኪር» ብሎ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

አንድ ፍለጋ ከ3,000 በላይ መስመር አያወጣም። ስለዚህ መቶ ሃምሳ ዓመት በአንድ ጊዜ ከመጠየቅ አሥር አሥር ዓመት እየቆረጡ መሄድ ይሻላል፤ ለመቁጠርም ይመቻል። ከውጤቱ መካከል ደመቅ ብለው የተጻፉት መስመሮች ሁለት ሰዎች ለየብቻ ገልብጠዋቸው የተስማሙባቸው ናቸው። ያልደመቀው ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ግን ወሳኝ ሲሆን የማውጫውን ገጽ ፎቶ ከፍቶ በዓይን ማረጋገጥ ይገባል። ፎቶው ከመስመሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ምልክት ይከፈታል። ይህ የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬ ነው፤ ገንዘብ ከሚያስከፍሉት አንዳንዶቹ እንኳ እንዲህ በቀላሉ ወደ ዋናው ገጽ አይመልሱም።

አሁን ወደ ፊደል ጣጣው። ቅጹ ላይ «በድምፅ ፈልግ» የሚል አማራጭ አለ። የሚሠራው ሳውንዴክስ በተባለው የቆየ ዘዴ ነው፦ የመጀመሪያው ፊደል እንዳለ ይቀመጣል፣ አናባቢዎች ይጣላሉ፣ ተነባቢዎች በቡድን ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ ሦስት ቁጥር ሲሞላ ይቆማል። ኤን 5፣ ኬ 2፣ አር 6 ስለሆነ ፓንክረስት «ፒ 526» ይሆናል። ፒንክረስትና ፔንክረስትም ያው ፒ 526 ናቸው፤ በአንድ ፍለጋ አብረው ይመጣሉ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእጅ ጽሑፍ ትንሿ ኤንና ትንሿ ዩ መንትያ ናቸው። ገልባጩ ኤኗን ዩ ብሎ ካነበባት፣ ዩ አናባቢ ስለሆነች ትጣላለች፣ ኮዱም ወደ ፒ 262 ይለወጣል (ኤስም 2 ናትና)። በድምፅ የሚደረገው ፍለጋ ይህን ሰው ጨርሶ አያየውም። መፍትሔው አንድ ተጨማሪ ፍለጋ ነው፦ በሣጥኑ ውስጥ ፓክረስት፣ ማለትም ኤኗ በሲ የተተካችበትን አጻጻፍ፣ አስገብቶ በድምፅ ማስፈለግ። ሲና ኬ ጎን ለጎን ስለሚቆሙና ሁለቱም 2 ስለሆኑ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፣ የዚህም ኮድ ፒ 262 ይሆናል፤ በዚህ አንድ ፍለጋ ሁለቱም ስሕተቶች ይያዛሉ። ከስሙ ምንጭ ጋር በተያያዘ ከታች የሚነሱት ፓንኮስት ፒ 522፣ ፔንቴኮስት ደግሞ ፒ 532 ስለሆኑ ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው። የመጀመሪያው ፊደል የተሳሳተ እንደሆነ፣ ፒ በቢ ወይም በኤች ከተነበበ፣ ሳውንዴክስ ምንም አይረዳም፤ እነዚያን በእጅ ማስገባት ነው።

ከሁሉ አሳሳቹ ግን ፓርክረስት ነው። ይህ የራሱ ታሪክ ያለው ሌላ ስም ነው፣ ኮዱም ፒ 626። በጥድፊያ የተጻፈ ኤንና አር ስለሚመሳሰሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገሩ ሰዎች አሉ። ፓርክረስቶችን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ፓንክረስት መደመር ቆጠራውን ያበላሸዋል፤ ፈጽሞ አለማየትም ሰው ያሳጣል። የሚሻለው ወረዳውን ማየት ነው። የታወቀ የፓንክረስት ቤተሰብ በሚኖርበት ወረዳ፣ በዚያው አሥር ዓመት፣ አንድ ብቸኛ ፓርክረስት ብቅ ካለ ፎቶውን መክፈት ተገቢ ነው።

(ቅንፍ ውስጥ፦ ለንደን የተወለዱ የሐበሻ ልጆችን ስም ለሚፈልግም ይኸው ሒሳብ ይሠራል። ገብረ ከጂ ቀጥሎ ኤች ቢጨመርበትም ባይጨመርበትም አንድ ኮድ ነው፣ ኤች አትቆጠርምና። ጸጋዬ ግን አንዱ በቲ፣ ሌላው በኤስ ከጀመረው በድምፅ ፍለጋ አይገናኙም።)

ቀጣዩ ወጥመድ ሩብ ዓመቱ ነው፤ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እስከ 1983 ድረስ ማውጫው በአራት ሩብ ዓመት ተከፍሏል፤ ማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር። እነዚህ የሩቡ የመጨረሻ ወራት ናቸው፤ «ማርች» ማለት ከጃንዋሪ እስከ ማርች ማለት ነው። የሚቆጠረውም የተወለዱበት ሳይሆን የተመዘገቡበት ቀን ነው። ወላጅ ልጁን ለማስመዝገብ 42 ቀን ነበረው። ሲልቪያ ሜይ 5 ቀን 1882 ተወለደች፤ 42 ቀኑ ጁን 16 ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ በጁን ሩብ መፈለግ ይበቃል። ታላቅ እኅቷ ክሪስታቤል ሴፕቴምበር 22 ቀን 1880 ነው የተወለደችው፤ ወላጆቿ በስምንት ቀን ውስጥ ካልሄዱ ምዝገባው ወደ ዲሴምበር ሩብ ይዘላል። ጁን 19 ቀን 1885 የተወለደችው ታናሿ አዴላም በጁንና በሴፕቴምበር መካከል ናት። የሪቻርድ ልደት ዲሴምበር 3 ቀን 1927 ስለሆነ የ1928 ማርች ሩብም መታየት አለበት፤ ዓመቱን 1927 ብሎ የዘጋ ፈላጊ ሊያጣው ይችላል። ከ1984 ወዲህ ማውጫው ዓመታዊ ስለሆነ ይህ ጣጣ ቀለል ይላል።

ከ1875 በፊት ያለውን ደግሞ ጠርጠር እያደረጉ ነው። ልጅን ማስመዝገብ በወላጅ ላይ ቅጣት ያለበት ግዴታ የሆነው ከዚያ ዓመት ወዲህ ነው። ቀደም ባሉት አሥርት ዓመታት ያልተመዘገቡ ልጆች አሉ፤ ስሙ በማውጫው ስለታጣ ሰውየው አልተወለደም ማለት አይደለም።

ስሙ የት አካባቢ እንደበዛ ለማወቅ ካርታ የሚሸጡ አሉ። ፍሪቢኤምዲ ላይ ግን የመዝገቡን ቅጽ (ጥራዝ) ቁጥር የሚያነብ ሰው ካርታውን ራሱ ይስለዋል። ከ1852 እስከ 1946 እያንዳንዱ መስመር ቁጥርና ፊደል ያለው የቅጽ መለያ አለው። 2ኤ ኬንትንና ሰሬይን ይይዛል፣ 2ቢ ሰሴክስንና ሃምፕሺርን፤ በ1 የሚጀምሩት ለንደን ናቸው፣ በ8 የሚጀምሩት ማንቸስተር ያለችበት ላንካሺርና ዙሪያዋ። የፓንክረስት ልደቶች ሲደረደሩ 2ኤና 2ቢ እየተደጋገሙ ዓይን ይሞላሉ። በ8 የሚጀምሩት ግን ታዋቂዎቹ ፓንክረስቶች ናቸው፤ የማንቸስተሩ ጠበቃ የሪቻርድ ማርስደን ፓንክረስት ልጆች፣ ሲልቪያና እኅቶቿ። በዓለም ላይ ስሙን ያስጠራው ቤተሰብ ከስሙ መንደር ርቆ የኖረ ነበር። «ፓንክረስት የማንቸስተር ስም ነው» ብሎ መደምደም፣ ዝናን ከብዛት ጋር ማምታታት ነው።

ጋብቻ ላይ አገልግሎቱ ተወዳዳሪ የለውም። ከ1912 ወዲህ ያለው ማውጫ የትዳር ጓደኛውን የቤተሰብ ስም ያሳያል፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን አያሳይም። መውጫው የገጽ ቁጥሩን መጫን ነው፤ በዚያ ወረዳ፣ በዚያ ቅጽና ገጽ ላይ የሰፈሩ ሰዎች ሁሉ ይወጣሉ። ከ1852 በኋላ በአንድ ገጽ ሁለት ጋብቻ ስለሚሰፍር ስሞቹ አራት ናቸው፤ ከዚያ በፊት እስከ ስምንት ሊደርሱ ይችላሉ። ሪቻርድ ማርስደን ፓንክረስትና ኤመሊን ጎልደን ዲሴምበር 18 ቀን 1879 በፔንድልተን ቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ በዲሴምበር ሩብ 1879 የሳልፎርድን ወረዳ ማየት ነው። ጎልደንም እንዲሁ ብዙ የማይገኝ ስም ስለሆነ ጥንዱ በቀላሉ ይለያል። ሙሽራዋ ስሚዝ ብትሆን ኖሮ ከአራቱ ማን ከማን እንደተጋባ ለማወቅ ምስክር ወረቀት መግዛት ያስፈልግ ነበር።

የመንግሥቱ ጠቅላላ መዝገብ ቤትም ከ2016 ጀምሮ የራሱን የኢንተርኔት ማውጫ ከፍቷል። ማነጻጸሩ ግድ ነው፤ ሁለቱ አንዱ የሌላው ግልባጭ አይደሉምና። መንግሥት ማውጫውን ከመዝገቡ ግልባጭ እንደገና ነው ያሠራው፤ ፍሪቢኤምዲ ላይ የጠፋ ሰው እዚያ ሊገኝ፣ እዚያ የጠፋም እዚህ ሊገኝ ይችላል። ትልቁ ብልጫው የእናት የቤተሰብ ስም ከ1837 ጀምሮ መኖሩ ነው፤ በድሮው ማውጫ፣ ስለዚህም በፍሪቢኤምዲ፣ ይህ ዓምድ የሚጀምረው በ1911 ሴፕቴምበር ሩብ ነው። የሞት ዕድሜም በድሮው ከ1866 ሲጀምር በመንግሥቱ ከመነሻው አለ።

ግን አጠቃቀሙ ትዕግሥት ይፈትናል። አካውንት ይጠይቃል፣ ጾታ መምረጥ ግዴታ ነው፣ ከተጻፈው ዓመት ግራና ቀኝ ከሁለት ዓመት በላይ አያይም። ከ1837 እስከ 1911 ያሉትን 75 ዓመታት በአምስት አምስት ዓመት ለመሸፈን 15 ፍለጋ፣ ለወንድና ለሴት ሲሆን 30 ፍለጋ ማድረግ ነው፤ ያውም ለአንድ አጻጻፍ ብቻ። በመካከለኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰፊ ክፍተት አለው፣ ጋብቻ ደግሞ ጭራሽ የለበትም። ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ በፍሪቢኤምዲ አጠቃላይ ዝርዝሩን ማውጣት፣ ከ1911 በፊት ያሉትን ልጆች በመንግሥቱ ማውጫ እየፈለጉ ከጎናቸው የእናታቸውን ስም መጻፍ። የእናት ስም ሲገባ፣ ከአንድ ወረዳ የተገኙ ሃያ ፓንክረስቶች በሦስት ወይም በአራት ቤተሰብ ይደለደላሉ። የስም ጥናት ከዝርዝር ወደ ዘር ሐረግ የሚሻገረው በዚህ ነው።

የእናት ስም ዓምድ አንድ ሌላ ነገር ይናገራል። ወላጆች ሳይጋቡ የተወለደ ልጅ በእናቱ ስም ሲመዘገብ፣ ከ1911 ወዲህ ባለው የድሮ ማውጫ የልጁ ስምና የእናቱ ስም አንድ ይሆናል፤ በመንግሥቱ አዲስ ማውጫ ደግሞ የእናት ስም ቦታ ላይ ሰረዝ ይታያል። ሲልቪያ ከጣሊያናዊው ሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር ስትኖር ጋብቻን አልተቀበለችም፣ ልጇም ፓንክረስት ነው የተባለው። ሁለቱ ስሞች አንድ ሆነው ሲታዩ ሁሌ ይህ ነው ማለት ግን አይደለም፤ የአጎት ልጆች ሊጋቡ ይችላሉ። በስሚዝ ዘንድ ደግሞ ያለ ምንም ዝምድና በአጋጣሚ ብቻ ይከሰታል። በብርቅዬ ስም አጋጣሚው ስለሚመነምን ምልክቱ የበለጠ ይታመናል።

አሁን «ስንት ናቸው?» የሚለው። የስም ቁጥር የሚሰጡ ብዙ ድረ ገጾች አሉ፣ ብዙዎቹም ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት አይነግሩም። በፍሪቢኤምዲ የራስን ግምት ማውጣት ይቻላል። የአሥር ዓመት ልደት ተቆጥሮ በእንግሊዝና በዌልስ የአሥር ዓመት ጠቅላላ ልደት ይካፈላል። በ1880ዎቹ በየዓመቱ የሚወለደው 900 ሺህ ገደማ ነበር። ለሒሳቡ ያህል፣ አንድ ስም በአሥር ዓመት 450 ልደት ቢኖረው፣ 450 ለ9 ሚሊዮን ሲካፈል በሚሊዮን 50 ይሆናል፤ የ1881 ሕዝብ ወደ 26 ሚሊዮን ስለነበር ባለ ስሞቹ 1,300 ያህል ናቸው ማለት ነው። ከመካፈሉ በፊት ግን ድግግሞሹ ይጽዳ። ሁለት ገልባጮች አንድን መስመር ለየቅል ካነበቡት ሁለቱም ንባብ ይወጣል፤ ወረዳው፣ ቅጹና ገጹ አንድ ሆኖ ስሙ ብቻ የሚለያይ ከሆነ አንድ ሰው ነው። በብርቅዬ ስም አሥር ድግግሞሽ ውጤቱን በግልጽ ያዛባል።

ቁጥሩን በሕዝብ ቆጠራ ማመሳከርም ይገባል። የአፕሪል 3 ቀን 1881 ቆጠራ ሙሉ ግልባጩ በነፃ ይገኛል፤ ለስም ሥርጭት ጥናት ሁሉ መነሻ የሆነውም እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ለዚህ ስም አስቸጋሪ ናቸው። የአፕሪል 2 ቀን 1911ን ቆጠራ የሴቶችን የመምረጥ መብት የሚጠይቁት ታጋዮች አድመውበታል፤ ከአድማው ግንባር የነበሩት እነማን እንደሆኑ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የሲልቪያ እናት ኤመሊንና ልጆቿ የዚህ ትግል መሪዎች ነበሩና። የ1931 ቆጠራ በ1942 በእሳት ወድሟል፣ የ1941 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም።

ስለ ስሙ ትርጉም ፍሪቢኤምዲ አንድም ቃል አይልም፤ ሥራውም አይደለም። ለዚህ የሚታመነው በ2016 በአራት ቅጽ የታተመው የኦክስፎርድ የብሪታንያና የአየርላንድ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት ነው፤ ከ45,000 በላይ ስሞች አሉት። ዋጋው የሚቀመስ ስላልሆነ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ማየት ይሻላል።

የፓንክረስትን ምንጭ በሁለት መንገድ ያስረዱታል። አንደኛው የቦታ ስም ነው፤ በሰሬይና በሰሴክስ ፒንክረስትና ፔንክረስት የሚባሉ ሥፍራዎች አሉ። መጨረሻው ላይ ያለው «ኸርስት» በጥንታዊ እንግሊዝኛ በዛፍ የተሸፈነ ጉብታ ማለት ነው። ሁለተኛው ፔንቴኮስት ከሚለው የመጠሪያ ስም ነው፤ በበዓለ ሃምሳ፣ በጰራቅሊጦስ ለተወለደ ልጅ የሚወጣ ስም ነበር። ፋሲካና ትንሣኤ ብሎ ልጁን ለሚጠራ አገር ይህ እንግዳ አይደለም፤ የኮርንዎሎቹ ፓስኮዎችም ስማቸው ከፋሲካ ነው የመጣው። ፔንቴኮስት በአፍ ሲለሰልስ ፓንኮስት ሆነ፤ ሰው ትርጉሙን ሲረሳው ደግሞ በሚያውቀው የቦታ ስም አምሳል «ኸርስት» ተለጠፈበት።

የትኛው ነው ትክክል? እዚህ ላይ ማውጫው መልስ ባይሰጥም ማስረጃ ይሰጣል። ፓንክረስት የሚበዛባቸው ወረዳዎች ዋድኸርስት፣ ታይስኸርስት፣ ላምበርኸርስት፣ ጎድኸርስት የሚባሉ ከተሞችና መንደሮች የተደረደሩበት የዊልድ ደን አገር ነው። ስሙ ፒንክረስትና ፔንክረስት ከሚባሉት ሥፍራዎች ብዙም ሳይርቅ ተከማችቷል። ሚዛኑ ወደ ቦታው ስም ያደላል። ይሁንና ያው አካባቢ «ኸርስት» የሚል ድምፅ ሰው ጆሮ ውስጥ የሞላበት ስለሆነ ፔንቴኮስትም ቅርጹን ለመለወጥ ከዚህ የተመቸ ቦታ አያገኝም። አንዱ ቤተሰብ ከአንዱ፣ ሌላው ከሌላው ምንጭ ሊወርድ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ሐረግ ከ1837 ወደ ኋላ በሰበካ መዝገብ መሄድ ግድ ነው። የሰበካ መዝገብ በ1538 ተጀመረ፤ የፍሪቢኤምዲ እኅት የሆነው ፍሪሬጅ የእነዚህን ከፊል ይዟል፣ ግን ሽፋኑ ከአውራጃ አውራጃ በጣም ይለያያል።

የማይሸፍነውን ማወቅ የሚሸፍነውን ከማወቅ አይተናነስም። ከጁላይ 1837 በፊት የተወለደ የለበትም፤ ራሱ ጠበቃው ሪቻርድ ማርስደን ፓንክረስት በልደት ማውጫ የለም፣ በ1879 ጋብቻና በ1898 ሞት ነው የሚገኘው። የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን ያነበበ የሚያውቀው ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም በ1820 ስለተወለደ፣ በ1860ም ጎንደር አካባቢ ስለሞተ በሁለቱም በኩል ከማውጫው ውጭ ነው። (ፕላውደን በሽሮፕሺር ያለ ቦታ ነው፤ «ደን» ያለው ሸለቆ ነው እንጂ የኛ ደን አይደለም።) ስኮትላንድ ከ1855 ጀምሮ የራሷ መዝገብ አላት፣ አየርላንድም እንዲሁ የራሷ። በውጭ አገር የተወለዱና የሞቱ እንግሊዛውያን በቆንስላ መዝገብ ለብቻ ተይዘዋል፤ ስለዚህ በ1910 አዲስ አበባ የተወለደው ተጓዥና ጸሐፊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በፍሪቢኤምዲ የልደት ማውጫ አይገኝም። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1960 አዲስ አበባ ያረፈችው ሲልቪያም በሞት ማውጫው የለችም። የቴሲጀር ስም ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው፤ የትኛውም የእንግሊዝ መንደር ስም አይደለም፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርመን ሳክሶኒ የመጣ ሰው ስም ነው። ብርቅዬ ስም ሁሉ ጥንታዊ የአገሬው ስም አይደለም።

የዘረ መል ምርመራ ለመግዛት የሚያስቡም አሉ። በ2009 የታተመ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት 40 የብሪታንያ ስሞች የያዙ 1,678 ወንዶችን መርምሮ፣ ስሙ ብርቅ በሆነ ቁጥር ባለ ስሞቹ ተመሳሳይ ዋይ ክሮሞዞም (ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ዘረ መል) የመያዛቸው ዕድል እንደሚጨምር አሳይቷል። አተንቦሮ በመሰሉ ስሞች ተመሳሳይነቱ ከፍተኛ ነበር፣ በስሚዝ ግን የለም ማለት ይቻላል። ይህ የሚሠራው ስሙ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ከወረደ ብቻ ነው። በእናት በኩል ስሙ በተላለፈበት ሐረግ፣ ከላይ እንደታየው፣ ምርመራው የሚናገረው ስለ ሌላ ቤተሰብ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ከዚያ ምራቁ።

ገንዘብ ይውጣ ከተባለ የሚገባው ለምስክር ወረቀት ነው። በጠቅላላ መዝገብ ቤቱ የቆየ ልደት ወይም ሞት ዲጂታል ምስል 3 ፓውንድ፣ ፒዲኤፍ 8 ፓውንድ፣ ወረቀቱ ራሱ 12.50 ፓውንድ ነው፤ ጋብቻ በወረቀት ብቻ ይሰጣል። ለስም ጥናት የ3 ፓውንዱ ምስል ከበቂ በላይ ነው። ከፍሪቢኤምዲ የተገኘውን ዓመት፣ ሩብ፣ ወረዳ፣ ቅጽና ገጽ አሟልቶ ማስገባት ስሕተት ያስወግዳል። በፍለጋ ሞተር ላይ ከላይ የሚወጡ ደላላ ገጾች ይህንኑ ወረቀት በእጥፍና ከዚያ በላይ ይሸጡታል፤ የሚጨምሩት ነገር የለም። «የፓንክረስት ቤተሰብ ዓርማ» ብለው ጋሻ በክፈፍ የሚሸጡትንም መተው ነው። የእንግሊዝ የዓርማ ጽሕፈት ቤት በግልጽ እንደሚለው ለቤተሰብ ስም የሚሰጥ ዓርማ የለም፤ ዓርማ የተሰጠው ሰውና ከእሱ በሕጋዊ መንገድ የወረዱት ብቻ ናቸው የሚይዙት።

አምስተኛዋን ኮከብ ያስቀረው ምንድን ነው? መልኩ ደረቅ ነው፣ የማብራሪያ ገጹ ረጅምና የተበታተነ ነው፣ ሰፊ ፍለጋ ሲጠየቅ ይደክማል። ከሁሉ በላይ ግን የእናት ስም ከ1911 በፊት አለመኖሩ ሌላ ማውጫ አጠገብ ከፍቶ እንዲሠራ ያስገድዳል። ስሕተት ያገኘ ሰው ማረሚያ የሚልክበት ቅጽ ግን ከየመስመሩ ጋር ተያይዞ ይገኛል። አራሚዎቹ የሚያመሳክሩት ከማውጫው ፎቶ ጋር ብቻ ነው። ማውጫው ላይ «ፓርክረስት» ተብሎ የታተመን ሰው፣ ትክክለኛ ስሙ ፓንክረስት መሆኑ ቢታወቅም፣ አይለውጡትም፤ ለእንዲህ ያለው ከመስመሩ ጎን ማስታወሻ መለጠፍ ይቻላል፣ ቀጣዩም ፈላጊ ያገኘዋል።